ከሥሩ ያለው ፊርማ

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ማስታወቂያ» ይለዋል። እውነተኛ ስሙን የምናውቀው እኔና መታወቂያው ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ዕድሜውን ሙሉ ታፔላ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው፤ የመድኃኒት ቤት፣ የጫማ ሱቅ፣ የጥርስ ሐኪም፣ የጸጉር ቤት፣ ምን ያልጻፈው አለ። መሰላል ላይ ሲወጣ ቀጭኗን ብሩሽ በጥርሱ ነክሶ፣ ወፍራሟን በእጁ ይዞ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ነው። ማስመሪያ አይፈልግም። «እጄ ያውቀዋል» ይላል። እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ፤ በቤቱ የፊት ክፍል ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ የማበላው እኔ፣ የማጥብለት እኔ፣ የምቆጣውም እኔ ነኝ። ከሦስቱ ይበልጥ የሚሳካልኝ መቆጣቱ ነው። እኔ «ጋሼ» እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ጸጉሬ ሸብቶም «አንቺ ልጅ» ነው የሚለኝ።

ልነግራችሁ የተነሳሁት እሱ ስለሚተኛበት የጓሮ ክፍል ግድግዳ ነው። ግድግዳው ከበሩ እስከ መስኮቱ ድረስ በፎቶግራፍና በደብዳቤ ተሸፍኗል። ፍሬሞቹን ራሱ ከታፔላ ትርፍራፊ እንጨት ቆርጦ ነው የሠራቸው። ፎቶግራፎቹ ሁሉ የዜማ ደራሲዎች ናቸው፤ እያንዳንዱም ላይ የባለቤቱ ፊርማ አለበት። ዘፋኝ አንድም የለም። እንግዳ መጥቶ «ይሄ ሰውዬ ማነው?» ካለ አበቃለት፤ መሄጃ ሰዓቱን ይረሳል፣ ባይረሳም እንዲረሳ ይደረጋል።

«ያንን ዘፈን ታውቀዋለህ አይደል? ሠርግ ላይ የማይቀረውን?» ይላል ጋሼ።

«እንዴት አላውቀውም!»

«እሱን ያወጣው ይኸው ነው። ሰዓት ሠሪ ነበር። የሰው ሰዓት እየጠገነ ነው ያወጣው።»

እንግዳው ፎቶግራፉን ደግሞ ያየዋል። ወንድሜ ለዚያች ለሁለተኛዋ እይታ ነበር የሚኖረው። እኔ ከልብስ ስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ «ሰውየውን ልቀቀው፣ ቤት ንብረት አለው!» እላለሁ፤ የሚሰማኝ ግን የለም።

ነገሩ የተጀመረው ገና ወጣት ሳለ፣ ለአንድ የሙዚቃ አዳራሽ የፕሮግራም ሰሌዳ ሲጽፍ ነው። የአዳራሹ ባለቤት ትእዛዙ አጭር ነበር፤ የዘፋኙ ስም በትልቁ፣ የባንዱ በመካከለኛው፣ የዜማ ደራሲው ደግሞ ቦታ ከተረፈ። ቦታ አይተርፍም። ትልቁን ስም ትልቅ አድርገህ ስትጽፈው የሚተርፍ ነገር የለም። አንድ ቀን እሱ መሰላል ላይ ሆኖ ሲጽፍ አንድ ቀጭን ሰውዬ ከታች ቆሞ እስኪጨርስ ጠበቀው። ሲጨርስ «ወንድም፣ እጅህ ይባረክ፣ ያምራል። ዜማው የኔ ነበር» አለና መንገዱን ቀጠለ። አልተቆጣም፣ አልተሳደበም። ያ ነው ወንድሜን የገደለው። ብሩሹን ጥሎ ተከትሎት ሮጠ። ሰውየው የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሰው አፍ ላይ ያለ ዜማ አውጥቶ አንሶላ ሲያጥብ ይውላል። ጋሼ ይቅርታ ጠየቀው፣ አንድ ፎቶግራፍም ለመነው፤ ሰውየው እየሳቀ ፈርሞ ሰጠው።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው። የሰማውን ዘፈን ሁሉ «ዜማው የማነው?» ማለት ጀመረ። አድራሻ ያፈላልጋል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ መልስ ይጠብቃል። መልስ ሲመጣ እንደ ሕፃን ነው የሚሆነው። አንዱ «ወንድሜ ሆይ፣ ስሜን የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ደብዳቤህን ለባለቤቴ ሁለቴ አነበብኩላት» ብሎ ጽፎለት ነበር። ጋሼ ይህችን ለእኔ ስንቴ እንዳነበባት አልነግራችሁም።

ታዲያ መስኮቱ የከሰዓት ፀሐይ ይገባበታል። ፀሐይ ደግሞ ለብዕር ቀለም አታዝንም። ፊርማዎቹ ቀስ በቀስ ደበዘዙ፤ ሰማያዊው ግራጫ፣ ግራጫውም ምንም ወደ መሆን ሄደ። የታፔላ ጸሐፊ ደግሞ የደበዘዘ ነገር ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ክረምት በወጣ ቁጥር ባለሱቆች «ማስታወቂያ፣ እባክህ አድስልኝ» ይሉታል፤ እሱም በአሮጌው መስመር ላይ በአዲስ ቀለም ይሄድበታል። ግድግዳውንም እንዲሁ አደረገው። ከደንበኞቹ ሥራ ሲያርፍ ፍሬሞቹን አንድ በአንድ ያወርዳል፣ መስታወቱን ይወለውላል፣ በቀጭን ብዕር ትንፋሹን ይዞ በፊርማው ላይ ይሄዳል፣ ከዚያም ደብዳቤዎቹን ከ«ውድ ወንድሜ» እስከ «አክባሪህ» ድረስ ፊደል በፊደል ያድሳል። በየዓመቱ። ሚስቱ በሕይወት ሳለች «ለኔ እንዲህ ተጨንቀህ ታውቃለህ?» ትለው ነበር። እሱም አንገቱን ሳያቀና «አንቺማ መች ደበዘዝሽ» ይላታል። እሷም ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ። ግድግዳው እንደ አዲስ ይደምቃል።

እንዲህ ስንኖር መንገድ ሊሰፋ ነው ተባለና የኛ ረድፍ ቤቶች በሙሉ እንዲፈርሱ ተወሰነ። ሰዎች መጥተው በአጥራችን ላይ ትልቅ ቀይ ምልክት ቀቡበት። ጋሼ ወጥቶ አየውና «ቀለሙን አፍስሰውታል፣ ብሩሽ ይዘው አያውቁም እንዴ?» አለ። ሌላው ጎረቤት ሁሉ እያለቀሰ እሱ የብሩሽ አያያዝ ይተቻል! ደሜ ፈላ። በኋላ ግን ገባኝ፤ ወደ ክፍሉ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ሲያይ አገኘሁት። ከንፈሩ ደርቆ ነበር።

ልጄ ባለትዳር ናት፤ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ቤት ትኖራለች። ለእኛ የምትሆን አንዲት ክፍል አስለቅቃለች፣ እግዜር ይስጣት። ክፍሏ ግን ሁለት አልጋ ሲገባባት በሩ እንኳን በደንብ አይከፈትም፤ ግድግዳዋ በአንድ በኩል መስኮት፣ በሌላው ቁም ሣጥን ነው። ልጄ እውነቱን በግልጽ ነገረችን፣ እኔን ነው የወጣችው። «እማዬ፣ አንቺም አጎቴም ትገባላችሁ። ግድግዳው ግን አይገባም።»

ያኔ ነው የወንድሜ መከራ የጀመረው። ፍሬሞቹን የሚቀበል ፍለጋ ከተማውን አዳረሰው። አንድ ሲኒማ ቤት ሄደ፤ «እነማን ናቸው?» አሉት። አንድ መጠጥ ቤት ሄደ፤ ባለቤቱ ሁሉንም ገለባብጦ አየና «ዘፋኞቹስ የታሉ?» ብሎ ጠየቀው። ቤተ መጻሕፍት ሄደ፤ ቦታ የለንም አሉት። እየጠቆረ፣ እየከሳ ሄደ። ምግብ ሳቀርብለት «በልቻለሁ» ይላል፤ የት እንደበላ እግዜር ይወቀው። አንድ ቀን ተቆጥቼ «ወረቀት ነው እኮ! ወረቀት!» ብዬ ጮህኩበት። አልተቆጣም። «ወረቀት ነው፤ ከነሱ የቀረው ግን እሱ ብቻ ነው። የኔ ግድግዳ ላይ ካልኖሩ የትም የሉም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ብዬው አላውቅም።

በመጨረሻ ተስፋ ከሬዲዮ መጣ። የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ የዜማ ደራሲዎች መታሰቢያ ክፍል ሊከፍት ነው፤ የእጅ ጽሑፍ፣ ደብዳቤና ፊርማ ያለው ሰው እንዲያመጣ ይለመናል ተባለ። ጋሼ ሬዲዮኑን በሁለት እጁ ያዘው፣ ሊያመልጠው የሚችል ይመስል። በማግስቱ ፍሬሞቹን በትርፍ የዩኒፎርም ጨርቅ ጠቀለልናቸው፤ ታክሲ ሞልቶ፣ እኔ በጉልበቴ ላይ፣ እሱ በደረቱ ላይ አቅፈን ሄድን። አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ጢሙን ተላጭቶ አገጩን ቆርጦታል። መንገዱን ሁሉ ያወራ ነበር፤ ልብስ አጣቢውን በሩ አጠገብ እንዲሰቅሉት እንዴት እንደሚነግራቸው፣ ሰዓት ሠሪውን ከማን ጎን እንደሚያደርጉት።

የክፍሉ ኃላፊ መነጽር ያደረገች፣ ረጋ ያለች ሴት ነች። ወንበር አቀረበችልን፣ ውሃ ሰጠችን፣ ከዚያ ነጭ ጓንት አጠለቀች። ጋሼ ጓንቱን ሲያይ በክርኑ ጎሸመኝ።

«አየሽ አንቺ ልጅ? በጓንት ነው!» አለኝ በሹክሹክታ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

እሷ የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ ከፍሬሙ አወጣችው። መጀመሪያ ፈገግ ብላ ነበር። አጉልቶ የሚያሳይ መስታወት አነሳች፣ መብራት አስጠጋች፣ አጎነበሰች። ሁለተኛውን አወጣች። ሦስተኛውን። አንድ ደብዳቤ ወደ መስኮቱ አዙራ በብርሃን አየችው። ፈገግታዋ የት እንደሄደ አላውቅም። እኔ ስፌቴን የሚመረምሩ ደንበኞች ስላሉኝ የፊት ነገር አውቃለሁ፤ የፈታነውን ጨርቅ መልሼ ማጠፍ ጀመርኩ።

«አባባ፣ ይሄን ፊርማ ከሳቸው ሌላ የነካው ሰው አለ?» አለች።

«የለም! ማንንም አላስነካም» አለ ጋሼ ኮራ ብሎ። «ከኔ በቀር።»

«እርስዎ ምን አደረጉት?»

«አደስኩት።»

ዝም አለች። እሱ ዝምታዋን አድናቆት መሰለውና ቀጠለ። «ፀሐይ በልታው ነበር። እኔ ደግሞ ሙያዬ ነው፣ የደበዘዘ አይቼ አላልፍም። ይዩት፣ ከመስመሩ ንቅንቅ አላልኩም።»

«ደብዳቤዎቹንስ?»

«ደብዳቤዎቹንም። እያንዳንዷን ፊደል።»

ኃላፊዋ ጓንቷን አወለቀች። ወንበሯን ወደሱ አስጠጋችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «እንዴት እንደምነግርዎ አላውቅም» አለች። «ፎቶግራፎቹን ቤተሰቦቻቸው ሰጥተውናል፣ ብዙዎቹ አሉን። ያጣነው የእጃቸውን ጽሑፍ ነው። እዚህ ላይ የሚታየው ደግሞ የእርስዎ እጅ ነው አባባ።»

«ከሥሩ አለ!» አለ ጋሼ። ከወንበሩ ተነሳ። «እኔ እላዩ ላይ ነው የሄድኩት። ቀለሙን አንሱት፣ ከሥሩ ታገኙታላችሁ!»

«አይነሳም። ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ከእርስዎ ቀለም ጋር አንድ ሆኗል። ከሥሩ ያለውን ከእንግዲህ ማንም ሊያየው አይችልም። በክፍላችን ‹የሳቸው ፊርማ› ብለን ብንሰቅለው ሰውን መዋሸት ይሆንብናል።»

እኔ ምላሴ የማያርፍ ሴት ነኝ። የወጣልኝ ቁጣ ነው። «እና ወንድሜን አጭበርባሪ ልትይው ነው?» አልኳት።

«በፍጹም እትዬ። የሚያጭበረብር ሰው አደስኩ ብሎ አይናገርም» አለችኝ። ድምጿ ራሱ ተሰብሯል። ልጣላት ፈልጌ እንኳን አልመች አለችኝ።

ጋሼ መለመን ጀመረ። ወንድሜን ሲለምን አይቼው አላውቅም፤ ሚስቱ ስትታመም እንኳን ሐኪሙን አልለመነም፣ ዝም ብሎ በር ላይ ቆመ እንጂ። አሁን ግን «አፈር ስሆን፣ ቤቱ ሊፈርስ ነው፣ መግቢያ የላቸውም፣ ጥግ ላይም ቢሆን፣ ከበሩ ጀርባም ቢሆን» ይላል። እጆቹን አጣምሮ ይዟል። አዲሱ ሸሚዙ ከጀርባው በላብ ተጣብቋል። ላስቆመው ፈለግኩ፣ ላስቆመው አልቻልኩም።

ሴትዮዋ ሁሉንም ፍሬም ደግማ አየች። ከዚያ አንዱን ለይታ አወጣችው። «እኚህ በሕይወት አሉ» አለች። ድሮ መዝሙር ያስተምሩ የነበሩ፣ ሁሉም ሰው «መምህር» የሚላቸው አዛውንት ናቸው። «የሳቸው የእጅ ጽሑፍ እኛም ጋ የለም። ይህንኑ ፎቶግራፍ አይተው በገዛ እጃቸው ቢፈርሙበት በደስታ እንሰቅለዋለን።»

«የቀሩትስ?»

«ስለ ቀሩት ቃል መግባት አልችልም።»

ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ። ወንድሜ ግን ያችን አንዷን እንደ ገመድ ያዛት። ሌሎቹን እዚያው በአደራ አስቀምጠን፣ የመምህርን ፎቶግራፍ ብቻ ይዘን በአውቶቡስ ወደሳቸው ቤት ሄድን። መንገድ ላይ እንዲህ አለኝ፦ «እሳቸው ፊርማዬ ነው ካሉ የኔ ማደስ ምንም እንዳላበላሸ ይታወቃል። ከዚያ ሴትዮዋ ሌሎቹንም ታምነኛለች።» እኔም «ልክ ነህ» አልኩት። ምን ልበል ታዲያ?

በሩን የከፈተችልን የመምህር የልጅ ልጅ ናት። እሳቸው መስኮት ሥር ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተጋድማለች፤ ሌላ ሰው ረስቷት የሄደ ዕቃ ትመስላለች። ጋሼ እጃቸውን አየና በሩ ላይ ቀረ።

«ግባ እንጂ!» አሉት። «እሷን አትያት፣ እሷ ጡረታ ወጥታለች። እኔ ነኝ እስካሁን የምሠራው።»

አእምሯቸው እንደ ምላጭ ነው። ጋሼን አወቁት፤ «ማስታወቂያ! ደብዳቤ የምትጽፍልኝ!» አሉ። ሳቁ፣ አሳቁን። ጋሼ ትንሽ ነፍስ ዘራ። ፎቶግራፉን ከጨርቁ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው።

መምህር በግራ እጃቸው ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ራሳቸውን በወጣትነት አይተው ፈገግ አሉ። ከዚያ ፊርማውን አዩ።

«ይሄ የማነው?» አሉ።

«የእርስዎ ነው መምህር።»

«የኔማ አይደለም» አሉ፣ ያለ ምንም ክፋት። «ቆንጆ ነው። እኔ ግን እንዲህ ፈርሜ አላውቅም።» የልጅ ልጃቸውን አንድ አሮጌ መታወቂያ ከመሳቢያ እንድታመጣ ላኳት። መጣ። መታወቂያው ላይ ያለው ፊርማ ጭምድድ ያለ፣ የቸኮለ ሰው ፊርማ ነው፤ መጨረሻው ላይ ቁርጥ ይላል። ፎቶግራፉ ላይ ያለው ደግሞ ተለጥጦ፣ ተንፈላስሶ፣ የመጨረሻው ፊደል ጭራ ወደ ላይ ተጠቅልላ ትቀራለች።

ያችን ጭራ አውቃታለሁ። የጸጉር ቤቱ ላይ አለች፤ የመድኃኒት ቤቱም ላይ አለች። ልጄ ስትመረቅ በሠራላት ካርድ ላይም አለች። የወንድሜ ጭራ ናት።

ጋሼ መታወቂያውንና ፎቶግራፉን ጎን ለጎን አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየ። በየዓመቱ የፀጉር ያህል ፈቀቅ ብሎ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በዚያችው ፈቀቅ ባደረጋት መስመር ላይ ሄዶ፣ ከዚያም ሌላ የፀጉር ያህል። ትንፋሹን ይዞ፣ በፍቅር፣ ሳያውቀው። ሁሉንም ፊርማ ወደራሱ እጅ ሲጎትተው ኖሯል። ፊቱ ላይ ሲገባው አየሁት፤ ምነው ባላየሁት።

«ከሥሩ የለም» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺ ልጅ፣ ከሥሩም የለም።»

ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ። ወንበር አጠገቡ እያለ መሬት ላይ። ልብስ አጣቢውን በስሙ ጠራው፣ ሰዓት ሠሪውን በስሙ ጠራው፤ ደብዳቤውን ለሚስቱ ሁለቴ ያነበበላትን ሰውዬም ጠራ። «አጠፋኋቸው» አለ። «ዘፋኞቹ ሸፈኗቸው፣ እኔ ደግሞ ጨረስኳቸው።» ትከሻውን ያዝኩት። የማይረባ ነገር ነው ያልኩት፤ «ተው፣ ተው ጋሼ፣ ተው» እያልኩ።

መምህር አዘኑ። ሰው ሲያዝን ቸር ይሆናል፤ እሳቸውም ቸር ሆኑ። ብዕር አስመጡና ወደሱ ዘረጉለት። «ስማኝ ማስታወቂያ» አሉ። «እኔ መፈረም አልችልም፤ አንተ ደግሞ ትችላለህ፣ እንደ መታወቂያው አድርገህ። ፈቅጃለሁ። ባለቤቱ ፈቅዶ ምን ወንጀል አለው? ማን ያውቃል? ጻፍልኝና ስቀሉት።»

ጋሼ ብዕሩን ተቀበለ። ከመሬት ተነስቶ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰ። መታወቂያውን ከጎን አስቀመጠ። ትንፋሹን ዋጥ ሲያደርግ ሰማሁት፣ መሰላል ላይ እንደሚያደርገው። ያቺ እጅ አንድ ጊዜ ካየች አትስትም፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅባትም ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ በልቤ «ጻፈው! ጻፈውና ይገላግለን!» እያልኩ ነበር።

ብዕሩን አስቀመጠው። «አልችልም መምህር።»

«እጅህን አመመህ እንዴ?»

«እጄ ደህና ናት። ችግሩም ደህና መሆኗ ነው።»

አዛውንቱ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ብዕሩን በግራ እጃቸው አነሱት። «እንግዲያው ያዥልኝ» አሏት የልጅ ልጃቸውን። ፎቶግራፉን በሁለት እጇ ጠረጴዛው ላይ ወጥራ ያዘችላቸው። መምህር በግራ እጃቸው ጽፈው አያውቁም። ምላሳቸውን በከንፈራቸው መሐል አድርገው፣ እየቃተቱ፣ ከዚያች ካማረችው ፊርማ ሥር መጻፍ ጀመሩ። የመጀመሪያዋ ፊደል ተንጋዳ ወደቀች። ሁለተኛዋ ተንቀጥቅጣ ከመጀመሪያዋ ላይ ወጣች። የመጨረሻዋ ከፎቶግራፉ ጠርዝ አልፋ ጠረጴዛው ላይ ቀረች። ሲጨርሱ ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር።

«በል» አሉ እያለከለኩ። «ይሄን ያምራል የሚል ሰው አይገኝም። የኔ ነው።»

ጋሼ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ምን እንዳላቸው አልሰማሁም።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ወንበር አግኝተን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ፎቶግራፉን ያለ ጨርቅ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያየው ነበር። «የቀሩትን ምን እናድርጋቸው?» አልኩት፤ «ከአልጋው ሥር እንኳን ቢሆን ልጄን እለምናታለሁ።» ራሱን ነቀነቀ። «መልሰን እንስቀላቸውና ከቤቱ ጋር ይፍረሱ» አለ። «እነሱ አይደሉም እዚያ ያሉት። እኔ ነኝ።» ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ምንም አልነበረም፤ ቁጣም፣ ለቅሶም። ከለቅሶው ይልቅ ያ ነው ያስፈራኝ።

ትንሽ ሄድን። እጁን አየሁ። ሌባ ጣቱ ከፎቶግራፉ ትንሽ ከፍ ብላ በአየር ላይ ትንቀሳቀስ ነበር፤ የተንጋደደችውን ፊደል ቀስ አድርጋ ታቃናለች፣ ከጠርዝ ያለፈችውን ትመልሳለች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ወደ ላይ ትጠቀለላለች። አንድ ጊዜ። እንደገና። እሱ አላወቀም። ከዚያ አወቀ። ጣቱን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰባትና ፎቶግራፉን ጭኔ ላይ ጣለው።

«ያዥው» አለኝ። «ከኔ ደብቂው። እጄን አላምነውም።»

በጨርቅ ጠቅልዬ ከእሱ በራቀው ጎኔ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አለቀስኩ፣ ሰው ያየኝ አያየኝ ሳልል። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ «አንቺ ግቢ» አለኝ። ገብቼ ለሴትዮዋ ሰጥቻት እስክወጣ ድረስ፣ ወንድሜ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ በግራው ከላይ ተጭኖ ይዟት፣ አጥሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር።